ድሬዳዋን ያተረፋት ጄት ብቻ ነው? «ጦርነት በሰማይ ያልቃል» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከከዚራ እስከ መጋላ በርጫውን ሁሉ ሲያከራክር ሰንብቷል። ርእሱ «ጦርነት በሰማይ ያልቃል» ይላል። ላላነበበው ሰው ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ አውሮፕላን ለውጊያ የዋለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጦርነት ዕጣ የሚቆረጠው በአየር ነው፤ በ1928 ጣልያን ያሸነፈን በአውሮፕላን ብቻ ነው፤ በ1969 ድሬዳዋን ያተረፋት አየር ኃይል ብቻ ነው፤ ከተማ ከተደበደበ ሕዝብ ይንበረከካል፤ ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጊዜው አልፎበታል፤ ድሮን ደግሞ ማኮብኮቢያ ስለማይፈልግ የቀረውን ሁሉ ሽሮታል። መደምደሚያቸውም «በባቡርና በመንገድ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ለአገር መከላከያ ፋይዳ የለውም» የሚል ነው።

ጸሐፊው የአብራሪዎቻችንን ውለታ ማንሳታቸው ያስመሰግናቸዋል። የከተማው ወጣት ስለዚያ ዘመን የሚሰማው እያነሰ በሄደበት ጊዜ ደግ አድርገዋል። ነጥቦቻቸው ግን አንድ በአንድ ሲመረመሩ አብዛኞቹ አይቆሙም፤ የመጨረሻው ምክራቸው ደግሞ አደጋ አለው። በተራ እንያቸው።

«አውሮፕላን ለውጊያ የዋለው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው»

ትንሽ ስህተት ስለሆነች ቶሎ እንለፋት። ከአውሮፕላን የመጀመሪያው ቦምብ የተጣለው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1911 ሊቢያ ውስጥ ነው። ጁሊዮ ጋቮቲ የሚባል ጣልያናዊ መኮንን 2 ኪሎ ገደማ የሚመዝኑ አራት ቦምቦች ይዞ ወጥቶ በእጁ ወረወራቸው። ያደረሱት ጉዳት ይህ ነው የሚባል አልነበረም። ከሦስት ዓመት በኋላ ማርን ወንዝ ላይ የፈረንሳይና የእንግሊዝ አብራሪዎች አንዲት ቦምብ ሳይጥሉ ከዚያ የሚበልጥ ሥራ ሠሩ፤ የጀርመን ጦር ወደ ፓሪስ መገስገሱን ትቶ ወደ ምሥራቅ ማዘንበሉን አይተው ለአዛዦቻቸው ነገሩ። መልሶ ማጥቃቱ የታቀደው በዚያ መረጃ ላይ ተመሥርቶ ነው። አውሮፕላን ለጦር አዛዥ መጀመሪያ የሰጠው ዓይን ነው፤ ጡጫው በኋላ መጣ። ጸሐፊው ስለ ዓይኑ አንድ መስመር አለመጻፋቸው የቀረውን ሁሉ አጣሞባቸዋል።

«በ1928 የተሸነፍነው በአውሮፕላን ብቻ ነው»

የጣልያን አየር ኃይል ያደረሰው ጥፋት የሚካድ አይደለም። ሲ 500 ቲ የተባለው ቦምብ 212 ኪሎ ገደማ ይፐሪት የተባለ መርዝ ይይዝ ነበር፤ መሬት ሳይነካ 250 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዲፈነዳና መርዙ እንደ ጤዛ እንዲረግፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ባዶ እግሩን ለሚሄድ ወታደር፣ ወንዝ ወርዶ ውኃ ለሚቀዳ ስንቅ ጫኝ፣ ለበቅሎው ጭምር ይህ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ወደ እኛው ግንባር እንምጣ። መጋቢት 20 ቀን 1928 የጣልያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ 33 አውሮፕላኖች ሐረር ላይ 12 ቶን ገደማ ቦምብ ጣሉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ጅጅጋ ተደብድባ ነበር። ጸሐፊው እንደሚሉት ዕጣው በሰማይ የተቆረጠ ቢሆን ሐረር በማግሥቱ መያዝ ነበረባት። የተያዘችው ግን ሚያዝያ 30 ነው፤ ድብደባው ካለፈ ከ40 ቀን በኋላ። በነዚያ 40 ቀናት ውስጥ ምን ሆነ? ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል፣ ቱርካዊው ጄኔራል ወሂብ ፓሻ በነደፈላቸው የመከላከያ መስመር ላይ ተዋጉ፤ ግራዚያኒ ከሚያዝያ 6 ጀምሮ በካሚዮን የተጫነ እግረኛ፣ ብረት ለበስና መድፍ አሰልፎ ያንን መስመር እየሰበረ ወጣ፤ ዝናቡና ጭቃው ካሚዮኖቹን እየያዘ አዘገየው። ደገሃቡር የተያዘችው በሚያዝያ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አውሮፕላኖቹ በዚህ ሁሉ መሐል ነበሩ፤ ከሰማይ ያያሉ፣ ይደበድባሉ፣ ይበትናሉ። የሐረር በር ላይ የደረሰው ግን ጎማ ነው።

በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ያመጣውን እውነተኛ አዲስ ነገር ጸሐፊው ሳያነሱት ቀርተዋል። ሰሜን ላይ ደንከልን አቋርጦ ወደ ሰርዶ የተጓዘውን የጣልያን ጦር የመገበው አውሮፕላን ነው፤ ስንቅና ውኃ ከሰማይ እየተጣለለት በረሃውን ተሻገረ። መንገድ በሌለበት ቦታ ስንቅ ማድረስ መቻል ከ12 ቶን ቦምብ በላይ የጦርነትን መልክ ይለውጣል።

«በ1969 ድሬዳዋን ያተረፋት አየር ኃይል ብቻ ነው»

የጽሑፉ እምብርት ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

እውነት የሆነውን አስቀድመን እንቀበል። በ1969 ክረምት የሶማሊያ አየር ኃይል በተዋጊ ጄት ቁጥር ይበልጠን ነበር፤ ሚግ-21 እና ሚግ-17 ነበረው። የእኛ አሜሪካ ሠራሽ ኤፍ-5ኢ ጄቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሆኖም ኦጋዴን ሰማይ ላይ የበላይነቱን የያዙት እነሱ ናቸው፤ እንደ ለገሰ ተፈራ ያሉ አብራሪዎች ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሳው በዚያ ምክንያት ነው። ለገሰ በኋላ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩና ከአሥር ዓመት በላይ ሶማሊያ ውስጥ ታሰሩ።

ድሉ ግን ከአውሮፕላኑ ብቻ አልመጣም። የሶማሊያ ሚጎች የታጠቁት ኬ-13 ሚሳኤል ሶቪየቶች የእኛዎቹ ጄቶች የታጠቁትን የአሜሪካኑን ሳይድዋይንደር ሚሳኤል አይተው የቀዱት ነው፤ ስለዚህ በሚሳኤል በኩል ልዩነቱ ሰፊ አልነበረም። የዚያ ዘመን ሚሳኤል የሞተር ሙቀት የሚከተል ነው፤ ከጠላት ጀርባ ካልሆኑ አይዝም። ከጀርባ ለመግባት ጠላትን ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ቀድሞ የሚያየው ደግሞ ራዳር ነው። ከአሜሪካ የመጣው የምድር ራዳርና ስክሪኑ ላይ የተቀመጠው ተቆጣጣሪ «በዚህ አቅጣጫ፣ በዚህ ከፍታ» እያለ አብራሪውን ከሚጉ ጀርባ ያስገባዋል። በዚያ ላይ ኤፍ-5ኢ ጠበብ ባለ ዙር ይታጠፋል፣ አፍንጫው ላይ እያንዳንዳቸው 280 ጥይት የሚጎርሱ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፣ አብራሪዎቹም ለዓመታት በአየር ፍልሚያ የሠለጠኑ ናቸው። ራዳሩን፣ ተቆጣጣሪውንና መካኒኩን ካወጣን የቀረው ፈጣን ዒላማ ነው።

አሁን ወደ ድሬዳዋ። ነሐሴ 11 ቀን 1969 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሊይዝ የመጣው በሁለት ሞተራይዝድ ብርጌድ፣ በአንድ የታንክ ሻለቃ፣ በሁለት የመድፍ ሻለቃ፣ በአየር መከላከያ ሻለቃና በቢኤም-13 ሮኬት ባትሪ ነው። የገጠመው ሁለተኛው ሚሊሻ ክፍለ ጦር፣ 201ኛው ነበልባል ሻለቃ፣ ከ78ኛ ብርጌድ አንድ ሻለቃ፣ አንድ ሜካናይዝድ ሻምበልና ሁለት ታንክ ብቻ የነበረው የታንክ መቶ ነው። ውጊያው ሁለት ቀን ፈጀ፤ በአንድ ወቅት የሲሚንቶ ፋብሪካው በሶማሊያ ጦር እጅ ገብቶ ነበር። ከፋብሪካው እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ያለው ርቀት ለየትኛውም መድፍ ምንም ማለት አይደለም። 122 ሚሊ ሜትሩ ዲ-30 መድፍ 15 ኪሎ ሜትር ይመታል። መድፍ የሚደርስበት ማኮብኮቢያ ላይ ጄት ማቆም፣ ነዳጅ መቅዳት፣ ቦምብ ማንጠልጠል አይቻልም። ስለዚህ ጄቶቹ የሚሊሻውን ሕይወት ያተረፉትን ያህል ሚሊሻው ማኮብኮቢያውን አትርፏል። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ግማሽ ጽፈው ሁለተኛውን ትተዋል።

ይህ ማኮብኮቢያ ለምን ያን ያህል ዋጋ ነበረው? ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ ነው። ከአየር ኃይሉ ዋና ሰፈር ከቢሾፍቱ እስከ ጅጅጋ በአየር 420 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከድሬዳዋ ግን 105 ገደማ። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት የመጀመሪያው 32 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 8 ደቂቃ መሆኑ ነው። ኤፍ-5ኢ በሆዱ የሚይዘው ነዳጅ 2,500 ሊትር ገደማ፣ በክብደት 2 ቶን ነው። ከቢሾፍቱ ሲነሳ አብዛኛው መንገድ ላይ ያልቃል፤ ተጨማሪ ታንክ ልጫን ካለ ታንኩ የቦምብ ቦታ ይወስዳል። ከድሬዳዋ ሲነሳ ያው ነዳጅ ግንባሩ ላይ ዞሮ ለማየት፣ ዒላማ ለመለየት፣ ሁለተኛ ለመመለስም ይበቃል። አንድ ጄት በቀን ሁለቴ ይወጣ የነበረ አራት አምስቴ መውጣት ይችላል። በጣት የሚቆጠር ጄት ላለው ኃይል ይህ ጓዱን እጥፍ የማድረግ ያህል ነው።

ይህን የሚያነብ ሰው ድሬዳዋ ሜዳ ናት፣ ማንኛውም ጄት በቀላሉ ይነሳባታል ብሎ ያስብ ይሆናል። ሙቀቷን ረስቷል። ማኮብኮቢያዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲገባ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ አውሮፕላኑ የሚያገኘው 2,180 ሜትር ከፍታ ላይ ያለውን አየር ነው፤ በባሕር ወለል ካለው መደበኛ አየር በ19 በመቶ የቀለለ። ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሳት 11 በመቶ የበለጠ ፍጥነት ይጠይቃል። ሞተሩ የሚውጠው አየር ስላነሰ ግፊቱ ከአምስት አንድ እጅ ገደማ ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ በመደበኛ ሁኔታ 1,000 ሜትር ተንደርድሮ የሚነሳ ጄት 1,500 ሜትር ገደማ ይፈጃል። ማለዳ 12 ሰዓት ላይ 20 ዲግሪ ሲሆን ግን የአየሩ ሁኔታ ከ1,630 ሜትር ጋር ይስተካከላል፤ በዚህች ልዩነት ብቻ አንድ ሁለት ቦምብ ጨምሮ መነሳት ይቻላል። የበረሃ አየር ኃይል ከባድ ጭነቱን ጎሕ ሲቀድ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ኤፍ-5ኢ የፊት እግሩ ሲንደረደር ተመዝዞ አፍንጫውን ቀና የሚያደርግ መሆኑም እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ ክንፉ አየሩን ቀድሞ ስለሚይዝ መንደርደሪያው ያጥራል።

ሲያርፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፍጥነቱ 11 በመቶ ሲጨምር ጎማና ፍሬን ሊውጡት የሚገባው ጉልበት በ23 በመቶ ያድጋል። የፍሬን ፓራሹቱ ካልተከፈተ ፍሬኑ ይግላል፣ ጎማው ይተነፍሳል ወይም ይፈነዳል፤ ማኮብኮቢያው ላይ ጎማው የፈነዳ ጄት እስኪነሳ ድረስ ከኋላው ያሉት የሚያርፉበት የለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ፓራሹቱን አጥፎ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ጠጠሩም አለ። የኤፍ-5 ሞተር ትንሽ ነው፣ ምላጮቹም ቀጭን ናቸው፤ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ጠጠር ብትገባ የመጀመሪያውን ረድፍ ምላጭ ትቆርጣለች፣ የተቆረጠው ምላጭ ከኋላው ያሉትን ይበላል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሠራተኞች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር እየረገጡ ጠጠር፣ ብሎንና የሽቦ ቁራጭ ይለቅማሉ። መድፍ በወደቀ ማግሥት ይህ ለቀማ ሰዓታት ይወስዳል። ጸሐፊው «በሰማይ ያልቃል» የሚሉት ጦርነት የሚጀምረው እዚህ ጋ፣ አጎንብሶ በሚለቅም ሰው ነው።

የጸሐፊውን መከራከሪያ ከሁሉ ይበልጥ የሚያፈርሰው ግን የጅጅጋ ጉዳይ ነው፤ እሳቸው ጭራሽ አላነሱትም። በመስከረም 1970 መጀመሪያ ላይ ጅጅጋና ካራማራ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቁ። በዚያ ወቅት ሰማዩ የማን ነበር? የእኛ። የሶማሊያ ሚጎች በሐምሌና በነሐሴ ክፉኛ ተመትተዋል። የበላይነቱ በእጃችን እያለ ከተማዋ የወደቀችው መሬት ላይ ያለው ጦር ስለተፈታ ነው፤ ወታደሩ አምጾ ለቆ ወጣ። ጄት የሸሸ ጦር ትቶት የሄደውን ምሽግ መያዝ አይችልም።

ታዲያ አየር ኃይሉ የሠራው ትልቁ ሥራ ምን ነበር? የሶማሊያ ጦር ጅጅጋን ይዞ ሐረር ላይ ለመድረስ ወራት ፈጅቶበታል። ከኋላው ያለው አገር ሜዳ ነው፣ ዛፍ የለበትም፤ ቦቴና ካሚዮን አቧራውን እያስነሳ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል። ጄቶቹ ነዳጁን፣ ጥይቱንና መጠባበቂያውን መንገድ ላይ ያቃጥላሉ። ታንክ ያለ ነዳጅ ብረት ነው። በጥር 1970 ሐረር ላይ የመጨረሻው ጥቃት ሲመጣ አጥቂው በመስከረም የነበረው ጉልበት አልነበረውም፤ በዚያ ላይ ከእኛ ጋር የተሰለፉት ኩባውያን ደርሰዋል። አውሮፕላን ከተማ አይዝም፤ ከተማ ሊይዝ የሚመጣውን ግን ስንቅ አልባ ያደርጋል። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ቢያወጡ ኖሮ ከጸሐፊው ጋር እዚህ ላይ ባልተጣላን።

የካራማራው ድል፣ የካቲት 26 ቀን 1970፣ ይህንኑ ያሳያል። የተራራውን መተላለፊያ በር ፊት ለፊት ከመጋፈጥ ይልቅ ጦሩ ተራራውን ዞሮ መጣ፤ ሚ-6 እና ሚ-8 ሄሊኮፕተሮች ወታደርና ቀላል ብረት ለበስ ተሸክመው ከጠላት ጀርባ አወረዱ። ሚ-6 ጠብደል ነው፤ የአናቱ ክንፍ ከዳር እስከ ዳር 35 ሜትር ነው፣ በዝቅተኛ ቦታ እስከ 12 ቶን ይጭናል። ጅጅጋ አካባቢ ያለው ከፍታ ላይ ግን ያን ያህል አያነሳም፤ ጭነቱ በሚዛን እየተቆረጠ ነው የሚሄደው። 7 ቶን ተኩል የሚመዝን ብረት ለበስ በአንድ ምልልስ አንድ ብቻ ነው። ሄሊኮፕተሮቹ የተራራውን ጀርባ ከፈቱ፤ ጅጅጋ የገባው ታንክና እግረኛ ነው።

«ከተማ ከተደበደበ ሕዝብ ይንበረከካል»

ይህ የጣልያናዊው ጄኔራል ጁሊዮ ዱዌ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የነበረው እምነት ነው። ለመፈተን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከድሬዳዋ በአየር 240 ኪሎ ሜትር ላይ ሐርጌሳ አለች። በ1980 የሲያድ ባሬ መንግሥት አማፂያን የገቡባትን ሐርጌሳን በመድፍና በአውሮፕላን ደበደበ። አውሮፕላኖቹ የተነሱት ከራሷ ከሐርጌሳ አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ ከመነሳት እስከ ቦምብ መጣል የሚፈጀው ደቂቃዎች ብቻ ነበር። ከተማዋ ፈረሰች፤ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ጅጅጋ አቅራቢያ ሐርትሼክ ሰፈረ። ተንበረከከ? አማፂው ሠራዊት ከስደተኛው መሐል ተዋጊ እየመለመለ ቀጠለ፤ መንግሥቱ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ወደቀ። አንዷ ሚግ ዛሬ ሐርጌሳ መሐል ሐውልት ሆና ቆማለች።

የራሳችንም አለ። ደርግ እስከ ግንቦት 1983 ድረስ ሰማዩን ብቻውን ይዞት ነበር፤ የሚዋጉት ኃይሎች አንድም ተዋጊ ጄት አልነበራቸውም። በሌሊት ተጓዙ፣ ቀን ዋሻና ጥሻ ውስጥ ዋሉ። ሚግ-23 የጨለማ መንገደኛን አያይም።

«ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ጊዜው አልፎበታል»

እ.ኤ.አ. በ1973ቱ የጥቅምት ጦርነት እስራኤል 100 ገደማ አውሮፕላን አጥታለች፤ አብዛኛውን የመታው ሚሳኤልና ፀረ አውሮፕላን መድፍ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1999 ራዳር አያየውም የተባለው የአሜሪካ አውሮፕላን ኤፍ-117 ሰርቢያ ውስጥ የወደቀው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተነደፈ ኤስ-125 ሚሳኤል ነው። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ዩክሬን ላይ ሩሲያና ዩክሬን አንዳቸውም በሌላው ሰማይ እንደልባቸው መብረር ያልቻሉት በዚሁ «ጊዜው ባለፈበት» መሣሪያ ምክንያት ነው፤ ጄቶቹ ከሩቅ ሆነው ተንሸራታች ቦምብ መልቀቅን መርጠዋል።

ጸሐፊው የሚቆጥሩት የወደቀውን አውሮፕላን ብቻ ነው። የመከላከያ ሥራ የሚለካው ግን በሳተው ቦምብም ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ዙ-23 መድፍ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ድረስ ያስፈራል፤ ትከሻ ላይ የሚተኮሰው ስትሬላ ከሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ። አብራሪው ከነሱ በላይ መቆየት ይገደዳል። የማነጣጠር ስህተቱ ከመቶ አንድ ቢሆን፣ ከ1,000 ሜትር የለቀቃት ተራ ቦምብ በ10 ሜትር ትስታለች፤ ከ3,000 ሜትር ግን በ30 ሜትር። ምሽግ ውስጥ የተቀበረ ታንክ ከ30 ሜትር አቧራ ብቻ ይደርሰዋል። የሚመራ ቦምብ ይህን ችግር ይፈታል፤ ዋጋው ግን ከተራው ቦምብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ቁጥሩም በዚያው ልክ ያንሳል።

«ድሮን ማኮብኮቢያ አይፈልግም»

ጸሐፊው የትኛውን ድሮን ማለታቸው እንደሆነ አይለዩም፤ ስለዚህ እኛ እንለይላቸው።

እንደ ባይራክታር ቲቢ2 ያለው ትልቁ ድሮን እንደ ማንኛውም አውሮፕላን ተንደርድሮ ይነሳል፣ ጎማ አውጥቶ ያርፋል። ጠጠር ለቀማው፣ ነዳጁ፣ መካኒኩ ሁሉም አለ። ሲነሳ 700 ኪሎ ይመዝናል፣ በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ አየር ላይ አንድ ቀን ሙሉ ይቆያል። ትልቁ ጉልበቱም ይህ ቆይታ ነው፤ ዓይኑን ሳይከድን ያያል። የሚሸከማቸው አራት ማም-ኤል ቦምቦች ግን እያንዳንዳቸው 22 ኪሎ፣ በድምሩ 88 ኪሎ ናቸው፤ በክብደት የሁለት ባለ 155 ሚሊ ሜትር የመድፍ ጥይት ያህል። ፊት ለፊት የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ከገጠመው 200 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከአንድ ሰዓት ተኩል ይልቅ ሁለት ሰዓት ተኩል ይወስድበታል።

የሬዲዮ ግንኙነቱም አለ። የሳተላይት መስመር ከሌለው ድሮኑና የምድር አንቴናው መተያየት አለባቸው። ወደ ደንገጎ ተራራ ቀና ብሎ የሚያይ የድሬ ልጅ ችግሩ ወዲያው ይገባዋል። ለምሳሌ ከአንቴናው 15 ኪሎ ሜትር ርቆ 1,000 ሜትር የሚቆም ሸንተረር ካለ፣ ከአንቴናው 4,000 ሜትር ከፍ ብሎ የሚበር ድሮን 60 ኪሎ ሜትር ላይ ከእይታ ይሰወራል። መፍትሔው አንቴናውን ተራራው አናት ላይ መትከል ነው፤ ይህም መንገድ፣ ጄኔሬተር፣ ናፍጣና አንቴናውን የሚጠብቅ እግረኛ ይጠይቃል።

ትንሹ፣ በመነጽር እያዩ የሚነዱት ድሮን እውነትም ማኮብኮቢያ አይፈልግም። ነገር ግን የሚነዳው ሰው ከግንባሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ጉድጓድ ውስጥ መሆን አለበት፤ ባትሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ እምብዛም አይቆይም፤ ወደ ዒላማው ሲወርድ ቤት ወይም ጉብታ ከጋረደው ምስሉ በመጨረሻዋ ሰከንድ ይጠፋል፤ የሬዲዮ ማወኪያ ሲበራበት ይስታል። ለማወኪያው መልስ የተፈጠረው ቀጭን የብርሃን ገመድ እየዘረጋ የሚሄደው ነው፤ እሱም ገመዱ እሾህና ሽቦ ላይ ይያዝበታል፣ ጥቅሉም ክብደት ስለሆነ የሚሸከመውን ይቀንስበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የካራባኽ ጦርነት ድሮን ስሙን አስጠራ፤ ሹሻ የተባለችውን የተራራ ከተማ የያዘው ግን በጫካና በገደል በእግሩ የወጣ ቀላል እግረኛ ነው፤ ጭጋግ ድሮኖቹን በከለከለባቸው ሰዓታት ጭምር።

«በባቡርና በመንገድ ላይ የሚፈሰው ገንዘብ ፋይዳ የለውም»

ከሁሉ የምንፈራው ይህን ነው፤ የሚያነብ ባለሥልጣን እውነት ሊመስለው ይችላል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ኤፍ-5ኢ በአንድ ምልልስ እስከ 2 ቶን ነዳጅ ያቃጥላል። በቀን 20 ምልልስ 40 ቶን ነው፤ ኢል-76 የተባለው የጭነት አውሮፕላን ሙሉ ጭነቱን ነዳጅ ብቻ አድርጎ ቢመጣ የሚያመጣው ይህንኑ 40 ቶን ነው፤ ለመምጣትና ለመመለስ ራሱ የሚጠጣውን ሳንቆጥር። ማለትም 20 ምልልስ ለማስቀጠል ጠዋት ጠዋት አንድ ኢል-76 ማረፍ አለበት፤ ቦምቡ፣ ጥይቱ፣ ጎማው፣ ኦክስጅኑና የሰው ቀለቡ ገና ነው። ለባቡር ግን 40 ቶን አንድ የነዳጅ ፉርጎ ነው። ታንክም እንዲሁ፤ ቲ-55 36 ቶን ስለሆነ ኢል-76 የሚጭነው አንድ ብቻ ነው።

ሶቪየቶች ከኅዳር 1970 ጀምሮ ያካሄዱት የአየር ማጓጓዝ ግሩም ነበር፤ አን-12፣ አን-22 እና ኢል-76 ሰውና መሣሪያ አፈሰሱ። ታንኩን ግን በአብዛኛው ያመጡት በመርከብ ነው። ያም ቢሆን በጅቡቲ በኩል አልነበረም፤ የጅቡቲው ሐዲድ በ1969 ድልድዮቹ ፈርሰው ተቆርጦ ነበርና። የሶማሊያ ወገን ገና መደበኛ ጦሩን ሳያዘምት ድልድይ ማፍረስ የጀመረው የድሬዳዋ ጉሮሮ የት እንዳለ ስላወቀ ነው። ለገሃር ጸጥ ሲል ከባዱ ዕቃ ሁሉ በአሰብ ወርዶ፣ በመኪና አፋርን አቋርጦ፣ በአዋሽ ዞሮ ወደ ግንባር መምጣት ነበረበት። ያንን ዙሪያ መንገድ ክፍት ያደረጉት ግሬደር ነጂዎች፣ የቦቴ ሾፌሮችና ድልድይ ጠባቂ ሚሊሻዎች ናቸው።